ዓርብ ከሰዓት የሚከፈተው ኮምፒውተር

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ሲጀምር መጀመሪያ ያሳበብኩት በመብራቱ ነው። ቀጥዬ በሸዋ ሮቢት ሙቀት አሳበብኩ። ከዚያ በባለቤቴ። ወደ ራሴ እስክደርስ ድረስ አንድ ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በቀወት ቆላ ቀበሌዎች እየዞርኩ ገበሬውን እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አታድርግ ስል ነው። ሲያስተምር የኖረ ሰው ደግሞ ክፉ አመል ይይዘዋል፤ የማያውቀውንም ነገር የሚያውቅ ይመስለዋል። ባለቤቴ ይህን አመሌን «ስብሰባ» ትለዋለች። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ማብራራት ስጀምር «ስብሰባው ተጀመረ» ትልና ጥላኝ ወደ ጓሮ ትወጣለች። እኔም ግድግዳውን እያየሁ ማብራሪያዬን እጨርሳለሁ።

ኮምፒውተሩ የልጃችን ነበር። አላህ ያቆየልን እሷን ብቻ ነው፤ ከእሷ በፊት የተወለዱት አልበረከቱልንም። ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ አጣዬ አካባቢ ተመደበች። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝታ ሳሎናችን ጥግ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት እናቷን አስተምራታለሁ ብላ ተነሳች። ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ሳቅሁ። ሀ ሁን የማያውቅ ሰው በየት በኩል ነው ኮምፒውተር የሚከፍተው ብዬ ጠየቅኋት። ልጄ ስልኳን መጻሕፍት ላይ አስደግፋ አቆመችና እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ትምህርቱን ቀረጸችው፤ ወደ ኮምፒውተሩም ገለበጠችው። ስሄድ ብትረሺ ይህን እያየሽ ታስታውሻለሽ አለቻት።

ቪዲዮው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ማብሪያው የቱ እንደሆነ ታሳያታለች። የእናቷን እጅ ይዛ ማውሷ ላይ ታስቀምጣለች። «እማዬ፣ አታንቂያት፤ ቀስ አድርገሽ ያዣት፣ አታመልጥሽም» ትላታለች። መሃል ላይ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ይስቃሉ። በመጨረሻ ልጄ ድምፅዋን ኮስተር አድርጋ እንዲህ ትላለች፦ «ሲበቃሽ በሥርዓቱ ነው የሚጠፋው። ገመዱን እንዳትነቅይው። እሺ በይ።» እናቷም «እሺ» ትላለች።

ልጄ ሥራ ከጀመረች ዓመት ሳይሞላት ትኩሳት ያዛት፤ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ስለዚያ ሳምንት ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አልችልም።

ከሐዘኑ በኋላ ባለቤቴ አንድ ልማድ አወጣች። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ምሳዬን ታቀርብልኝና የክት ልብሷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች። የኮምፒውተሩን መስተዋት በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። ማብሪያውን ትጫናለች፣ ትጠብቃለች፣ ልጇ ባሳየቻት መንገድ እየሄደች ያችን ትንሽ ምስል ታገኛታለች። ፊደል ያልቆጠረችውን ሴት ቪዲዮው ራሱ ቪዲዮውን እንዴት እንደምትከፍት አስተምሯታል። እስከ መጨረሻው ታይና ልጄ «እሺ በይ» ስትል እሷም ከመስተዋቱ ውጭ ሆና «እሺ» ትላለች። ከዚያ በሥርዓቱ ታጠፋዋለች።

እኔ አንድም ቀን አብሬያት አይቼ አላውቅም። በረንዳ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። የልጄን ፊት ለማየት አቅም አጣሁ፤ ድምፅዋ ግን በመስኮት ይመጣልኝ ነበር። ቃል በቃል ይዤዋለሁ። አንዴ ባለቤቴ ይህን ነገር ወደ ስልኬ አድርግልኝ ብላ ለምናኝ ነበር። ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ነገር ግን የትም አይሄድም፣ አትነካኪው ብዬ መለስኳት። ደግማ አልጠየቀችኝም።

እንግዲህ ያን ዓርብ በረንዳው ላይ ሳለሁ ከልጄ ድምፅ በፊት ያንን ቀጭታ ሰማሁ። ባለቤቴ ጠራችኝ። መስተዋቱ ጠቁሮ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶበታል። የእኔ እንግሊዝኛ የመድኃኒት ቆርቆሮ ለማንበብ የሚበቃ ነው፤ ዲስኩን አላገኘሁትም እንደሚል ገባኝ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። በሦስተኛው ተነሳ። ቪዲዮው ሲከፈት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ግን የልጄ ንግግር በየመሃሉ እየተቆረጠ ነበር። ባለቤቴ ደረቷን ይዛ «ልጄን መናገር አቃታት» አለች። እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ ወፍጮ ቤቶቹ ሲነሱ መብራቱ እንዴት ኃይል እንደሚያንሰው ማብራራት ጀመርኩ።

ከጎረቤት መብራቱን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ተውሼ መጣሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ባሰበት።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ሙቀቱ ሆነ። የሮቢትን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ምክንያት ነው፤ እኛን ያደከመ ፀሐይ ለኮምፒውተር ይራራል እንዴ? ጎኑን በካቻቢቴ ፈትቼ ከፈትኩት። እፍኝ የሚሞላ አቧራና አንድ የደረቀ እንሽላሊት ወጣ። ባለቤቴ አቧራ እንዳይገባበት ብላ የምታለብሰውን ጥልፍ ጨርቅ እያሳየኋት፣ አፍነሽ የገደልሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለስ አይቻልም። ጨርቁን ተቀብላኝ አጣጠፈችና ወደ ጓዳ ገባች።

የመስክ ሥራ አመል አይለቅምና ደብተር አወጣሁ። ማለዳ፤ ተነሳ። ረፋድ፤ በሁለተኛው ተነሳ። ቀትር፤ አልተነሳም። ቬንትሌተር ከፊቱ ደቅኜ፤ ተነሳ፣ ወዲያው ቆመ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሳምንት ጻፍኩ፤ ሙቀቱ መሆኑን በማስረጃ ያረጋገጥኩ መሰለኝ። አሁን ደብተሩን ሳገላብጠው የሚያቃጥለኝ ሌላ ነገር ነው። «ተነሳ» ብዬ በጻፍኩባቸው ማለዳዎች ሁሉ ቪዲዮውን መቅዳት እችል ነበር። አላሰብኩትም። ምክንያቱን ስፈልግ ጊዜውን ጨረስኩት።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሌሊቱን ዘንቦ አገሩ ሁሉ ቀዝቅዞ ሳለ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። የሙቀት ነገር በዚያው አበቃ። ከልጄ ጋር ታስተምር የነበረች ጎረቤታችን የራሷን ዲስክ አዋሰችኝ። የእኛን ፈትቼ የእሷን ገጠምኩ፤ ኮምፒውተሩ ያላንዳች ድምፅ ተነስቶ እንደ ጤነኛ ሠራ። መብራቱም፣ ማሽኑም ደህና ነበሩ ማለት ነው። የታመመው የእኛው ዲስክ ነበር። ምክንያቱን በማግኘቴ ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያገኘሁት ነገር ምን ማለት እንደሆነ ገባኝና ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። «ልጄን ታወጣልኛለህ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ደብረ ሲና ላይ ዕቃ ጠጋኝ አውቃለሁ። ድሮ ሬዲዮ ይጠግን ነበር፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ አሁን ኮምፒውተር፤ ፀጉሩ ከእኔ በላይ ሸብቷል፣ ግን በትሕትና አንቱ ነው የሚለኝ። በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ዲስኩን ባለቤቴ በልጄ ሻርፕ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ በጠዋቱ ሚኒባስ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ደብረ ሲና ጉም ወርዶባት ሰዉ ጋቢ ተከናንቧል። እኔ በቆላ ሸሚዜ እየተንቀጠቀጥኩ ሱቁ ገባሁ። ከኔ በፊት አንድ ገበሬ ሬዲዮውን ይዞ ተራ ይጠብቅ ነበር። እንዳየኝ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፤ እኔ ፊቱን አላስታወስኩትም። ለጠጋኙ «የነቀዝ መድኃኒት አያያዝ ያስተማሩን እኮ እሳቸው ናቸው» አለው። አንድም ሰው ሳይጎዳ የኖርነው በእሳቸው ነው ብሎ ጨመረበት።

ጠጋኙ እንደ ሐኪም ነው የጠየቀኝ። መቼ ጀመረው? ወድቆ ያውቃል? ውሃ ነክቶታል? ከዚያ ከራሱ ማሽን ጋር አያያዘው። አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። አንድ መመርመሪያ ከፍቶ ቁጥሮቹን እያየ ፋይሎቹ የሚጻፉበት የውስጡ ሳህን ገና ደህና እንደሚመስል ነገረኝ፤ ችግሩ መገናኛው ላይ ሳይሆን አይቀርም አለ። ገለበጠውና ከሥሩ ያለችውን አረንጓዴ ሰሌዳ ብሎኖች ፈትቶ አነሳት። ከሥሯ የመዳብ ነጠብጣቦች አሉ፤ ሰሌዳዋ ከውስጡ ጋር የምትነጋገረው በእነሱ ነው። ማብረቅ ነበረባቸው። ከሰል መስለው ጠቁረዋል።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየው። «ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ዕቃ ኬሚካል ያለበት ቦታ ቆይቶ ያውቃል?»

በዚያች ቅጽበት አወቅሁ።

ልጄ ከሞተች ብዙም ሳይቆይ፣ በጦርነቱ ሽሽት ጊዜ ነው። ተኩሱ ከአጣዬ በኩል እየቀረበ መጥቶ ከተማው ሲለቅ፣ ባለቤቴ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አንዱን ብቻ አውጥታ በር ላይ አስቀመጠችው፤ ኮምፒውተሩን። በልጇ ሻርፕ ጠቅልላዋለች። በእግራችን ነበር የምንሄደው፤ ልንሸከመው አንችልም አልኳት። ያለሱ አልሄድም አለች። ያኔ አንድ ብልሃት መጣልኝ። በእህል ቤታችን የማሾ ጆንያዎች ነበሩ፤ በዚያው ሳምንት የነቀዝ ኪኒን አድርጌባቸው በላስቲክ ሸፍኜ ዳር ዳሩን በአሸዋ ደፍኜዋለሁ። መርዝ ወዳለበት ቤት ሌባ እጁን አያስገባም ብዬ አሰብኩ። ላስቲኩን ገለጥኩና ኮምፒውተሩን ጆንያዎቹ መሃል አስቀምጬ መልሼ ደፈንኩት፤ በሩ ላይ በከሰል መርዝ ብዬ ጽፌ የራስ ቅል ሣልኩበት።

ባለቤቴ አፍንጫዋን ሸፍና በር ላይ ቆማ ነበር። «መድኃኒቱ አይጎዳውም?» አለችኝ።

«ነፍስ ያለውን ብቻ ነው የሚገድለው» አልኳት። «እህሉን ነክቶት ያውቃል?»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለስንት ሺህ ገበሬ እንደተናገርኩት አላህ ነው የሚያውቀው። ለእህል ልክ ነው። ግን እኔ ራሴ ስሰለጥን የተነገረኝ ሌላም ነገር ነበር፤ የመዳብና የኤሌክትሪክ ዕቃ ኪኒኑ ከሚያወጣው ጢስ ጋር እንዳይቀመጥ፣ ይበላዋል ተብያለሁ። ቆርቆሮው ላይም በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ገበሬ ቤት ደግሞ ምን የመዳብ ዕቃ አለ ብዬ ያንን መስመር በየስብሰባው እዘለው ነበር። እየዘለልኩት ከራሴም አእምሮ ወጣ።

ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ከርመን ስንመለስ ቤታችን ተራቁቶ ጠበቀን። አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጓዳው ድስት፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ሄዷል። የልጄ ስልክም ከነበረበት ሣጥን ጋር ሄደ፤ ቪዲዮው ከእንግዲህ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነበር። ያልተነካው የእህል ቤቱ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን አውጥቼ ሳበራው ተነሳ። ባለቤቴ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ግን ጉራዬ ለከት አጣ። በዕድራችን በቅሬው ስብስብ፣ በሰርግ ቤት፣ በመስጊድ ደጃፍ፣ ያንን የራስ ቅል እንዴት እንደሣልኩት ያልነገርኩት ሰው የለም። ሌላ ጊዜ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን ያሉም ነበሩ። ኮምፒውተሩ ሁለት ዓመት ሠራ፤ ለካ ውስጥ ውስጡን እየተበላ ነበር።

ይህ ሁሉ በጠጋኙ ጥያቄና በእኔ መልስ መካከል በሐሳቤ አለፈ። ገበሬው ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ያየኛል። ጠጋኙ ካቻቢቴውን ይዞ ይጠብቃል።

«የለም» አልኩት። «እርጥበት ነው። ቤታችን ክረምት ያፈሳል።»

ጠጋኙ አመነኝ፤ ለምን አያምነኝም? እርጥበት ከሆነ ቀላል ነው አለ። ከዚያ የተናገረው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ኬሚካል ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር፣ ጋሼ። እሱ ውስጥ ድረስ ይገባል፤ አንዴ ካስነሱት በኋላ ጨርሶ ሊሄድ ይችላል። አዲስ አበባ ሳያስነሱ የሚከፍቱ ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱ ጋ ነበር የምልክዎት።»

እውነቱን ለመናገር ያኔም አልረፈደም ነበር። አፌን ከፈትኩ። ገበሬውን አየሁትና ዘጋሁት።

ጠጋኙ የተማሪ ላጲስ አወጣና ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ እያሸ መዳቡን አወጣው። ሰሌዳዋን መልሶ አሰረና አገናኘው። ቀጭታ የለም። የልጄ ፋይሎች በመስተዋቱ ላይ ተደረደሩ። ልንቀዳ ስንል መብራት ሄደ፤ የደብረ ሲና ሱቆች በሙሉ ጨለሙ። ጠጋኙ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ትተውልኝ ይሂዱ አለኝ። እኔ ግን ከውሸቴ ጋር እዚያ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቤቴ እቀዳዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ፍላሽ ሰጠኝና እስከ በር ሸኘኝ። «እንደተነሳ መጀመሪያ ይቅዱት፤ እንዳይከፍቱት» አለኝ። «ቀድተው ከጨረሱ በኋላ እንደልብዎ ይዩት።» ሁለቴ ነው የነገረኝ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። ዲስኩ በሻርፑ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር። ለባለቤቴ ሁሉንም እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ከተቀዳ በኋላ እነግራታለሁ። ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ መናዘዝ ቀላል ነው ብዬም አሰብኩ።

ቤት ስደርስ የጁምዓ ሰዓት አልፎ ነበር። ባለቤቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ መስተዋቱን ጠርጋ ተቀምጣለች። ዲስኩን ገጠምኩት። ማብሪያውን እሷ ተጫነችው። ቀጭታውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሁሉም ነገር በሰላም ተከፈተና ያች ትንሽ ምስል ወጣች፤ የልጄ ግማሽ ፊት፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ እንዳለች።

ፍላሹ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ክፈተው አላለችኝም፤ ወንበሯን ብቻ አስጠጋች። ፊቷን አየሁት። ያን ፊት እንዲህ በርቶ ያየሁት መቼ እንደነበር አላስታውስም። አፍነሽ የገደልሽው አንቺ ነሽ ያልኳት ትዝ አለኝ። ጠጋኙ ያለኝን አልረሳሁትም፤ ረሳሁት ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ልጇን ያመጣላት ሰው መሆን ፈለግሁ። እንዲያውም ኮራሁ። «አመጣልሻለሁ አላልኩሽም?» አልኳትና ከፈትኩት።

ወደ በረንዳው አልወጣሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልጄ መጣች። ማብሪያውን አሳየች። የእናቷን እጅ ይዛ ማውሷ ላይ አስቀመጠች። ቀስ አድርገሽ ያዣት አለች። ከሞተች ጀምሮ ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ስትናገር ቅንድቧን እንደምታነሳ ረስቼው ነበር። ከዚያ ያ ረጅም ሳቅ የሚመጣበት ቦታ ደረሰ። ከመስኮቱ ውጭ ሆኜ ያንን ሳቅ ሁለት ዓመት ስሰማው፣ ከፊቱ ምንም ቃል ስለሌለ ምን እንዳሳቃቸው ገብቶኝ አያውቅም። አሁን አየሁት። ልጄ የሌለ መነጽር ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ አወረደች፣ ደረቷን ነፋች፣ አገጯን ሰበሰበች፣ ሌባ ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። እኔ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ ያለሁት እኔ፣ ልክ እኔ። እናቷ በሳቅ ፈረሰች፤ አጠገቤም ያለችው ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።

ጣቷ እንደተቀሰረ ቆመ። ምስሉ ነው የቆመው። ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ እንደሚፈጭ ነገር ሌላ ድምፅ ተሰማና መስተዋቱ ጠቆረ።

ያን ከሰዓት ያላደረግሁት ነገር የለም። ፈታሁት፣ በላጲስ አሸሁት፣ መልሼ አሰርኩት፣ አቀዘቀዝኩት፣ ለመንኩት። ባለቤቴ አላስቸገረችኝም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትመለከተኛለች። ወደ አስር ሶላት ግድም ካቻቢቴውን አስቀመጥኩና ነገርኳት። የነቀዝ መድኃኒቱ እንደሆነ፣ እንደተነገረኝ፣ እንደዘለልኩት፣ ደብረ ሲና ላይ ተጠይቄ እንደዋሸሁ፣ አትክፈተው ተብዬ እንደከፈትኩት፣ ሁሉንም። ማስረዳት አላማረልኝም፤ ቃላቱ ተበታተኑብኝ።

ሻርፑን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ማጣጠፍ ጀመረች። «ከእህል ቤት ባወጣነው ጊዜ ይሄ ሻርፕ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ይል ነበር» አለች። «አምስቴ አጠብኩት። የልጄ ጠረን አብሮ ሄደ።»

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?» አልኳት።

«ነፍስ ያለውን ብቻ ነው የሚገድለው ብለኸኝ አልነበር?» አለች። «አመንኩሃ።»

ወደ ጠጋኙ ተመልሼ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ልኮልኝ ከወር በኋላ መልሱ መጣ። በሱቁ እኔን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጠጋኙ ዝቅ ባለ ድምፅ ሳህኑ ተፍቋል፣ የሚወጣ ነገር የለም አለኝ። የአዲስ አበባዎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርሰን ኖሮ ይወጣ ነበር ማለታቸውን ግን አልደበቀኝም። በሮቢት ገበያና በቅሬው ያን ብልሃቴን የነገርኳቸውን ሰዎች እያስታወስኩ፣ አንድ በአንድ እየሄድኩ፣ እንዳታደርጉት እያልኩ ነው። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ምን ጠፋብዎ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ኮምፒውተር እላለሁ።

ሁለት ሦስት ዓርብ ካለፈ በኋላ አንድ ነገር አሰብኩ። ቪዲዮውን ሁለት ዓመት በጆሮዬ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ቃል አይጎድለኝም። ባለቤቴ በባዶው መስተዋት ፊት ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ ሆኜ፣ የልጄን ቃል ከመጀመሪያው ጀምሬ እላት ጀመር። «እማዬ፣ አታንቂያት» እስከሚለው ሰማችኝ። ከዚያ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች። «ተው» አለችኝ። «በአንተ አፍ ስብሰባ ይሆናል።»

ተውኩት። ባለፈው ዓርብ ደግሞ እዚያ ተቀምጣ ማየቴ ስለከበደኝ ኮምፒውተሩን ወደ ጓዳ ላስገባው ተነሳሁ። ገመዱን ልነቅል ጎንበስ ስል ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ።

«አትንቀለው» አለችኝ። «በሥርዓቱ ነው የሚጠፋው።»

እሺ አልኳት።